ሳትጠጣ በፊት ደውል

መጠጥ ካቆምኩ አራት ዓመት አልፎኛል። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ስሜን አልጽፍም፤ የረዳኝ ማኅበር ደንብ እንደዚያ ነው።

ከዚያ በፊት ያልሞከርኩት የለም። ለእመቤታችን ተስያለሁ። አገር ቤት ሄጄ ጠበል ተጠምቄያለሁ። ለእናቴ በስልክ እያለቀስኩ ምዬላታለሁ። ስምል ከልቤ ነበር። ግን ማታ ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ቤቱ ጭር ብሎ ይጠብቀኛል። ያኔ መሐላው የት እንደሚገባ እንጃ።

ኤኤ እንድሄድ የነገረኝ ሐኪም ነው። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ማለት ነው፤ ስማቸውን ሳይገልጹ መጠጥ ለማቆም የሚረዳዱ ሰዎች ማኅበር። መጀመሪያ ግን መድኃኒት ሰጥቶ ተከታተለኝ። ይህን ሳልናገር አላልፍም፤ ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቆም ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊያንዘፈዝፈው፣ ሕይወቱንም ሊያሳጣው ይችላል። እባካችሁ ሐኪም ሳታማክሩ ብቻችሁን አትሞክሩት።

ስብሰባው የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ጃኬቴን ሳላወልቅ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሐበሻ ካለ ወሬው ሰፈር ይደርሳል ብዬ ፊት ለፊት እያየሁ ነበር። አንድ ሽማግሌ ተነሡና ጠርሙስ የት ይደብቁ እንደነበር ተናገሩ፤ መኪናው ኋላ፣ ከትርፍ ጎማው ሥር። ደነገጥኩ። እኔም የምደብቀው እዚያው ነበር። ማንም አልገሠጻቸውም፣ ማንም አልመከራቸውም። አመስግነው ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ። ምዝገባ የለም፣ ክፍያም የለም። ቅርጫት ሲዞር የቻለ አንድ ሁለት ዶላር ጣል ያደርጋል። አባል ለመሆን መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ይበቃል።

ስወጣ ሽማግሌው ስልካቸውን ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡኝ። «ከጠጣህ በኋላ ሳይሆን ሳትጠጣ በፊት ደውል» አሉኝ። በኋላ ስፖንሰሬ ሆኑ። የቪዛው ዓይነት ስፖንሰር አይደለም፤ ቀድሞ ያቆመና አሥራ ሁለቱን የማገገሚያ ደረጃዎች አብሮህ የሚሄድ ሰው ማለት ነው።

አልደወልኩም። ሰው ማስቸገር ነውር ነው ተብለን አይደል ያደግነው? በሦስተኛው ሳምንት ጠጣሁ። አፍሬ ተመለስኩ። ማንም ፊቱን አላጠቆረብኝም። ቡናዬን ቀድተው ሰጡኝ።

ከዚያ አንድ ማታ ሊከር ስቶር በር ላይ መኪናዬን አቁሜ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ደወልኩ። የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን «ራት በልተሃል?» አሉኝ። አልበላሁም። «ሂድና ብላ፤ ከዚያ መልሰህ ደውልልኝ።» በላሁ፤ ደወልኩ። ያን ማታ ሳልጠጣ አደርኩ። ረሃብ፣ ንዴት፣ ብቸኝነት፣ ድካም፤ መጠጥ መጠጥ ሲልህ መጀመሪያ እነዚህን ፈትሽ ይላሉ። እኔን አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለኝ ብቸኝነት ነው።

ማኅበሩ ራሱ የተጀመረው በስልክ መሆኑን ስሰማ ልቤ ተነካ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ ሰው ለንግድ ጉዳይ አክረን፣ ኦሃዮ ሄዶ ነበር። መጠጥ ካቆመ ገና ወራት መቁጠሩ ነው። ሥራው ከሸፈ። ሆቴሉ ውስጥ የቡና ቤቱ ጫጫታ ጠራው። እሱ ግን ወደ ስልኩ ሄደና ቤተ ክርስቲያናት ጋ ደወለ። የሚፈልገው መካሪ አልነበረም፤ እንደ እሱ በመጠጥ የተሸነፈ ሰው ነበር። ከዶክተር ቦብ ስሚዝ ጋር አገናኙት። ዶክተሩ ከ15 ደቂቃ በላይ አልቆይም ብሎ መጥቶ ከስድስት ሰዓት በላይ ተቀመጠ። ዶክተሩም አንድ ጊዜ ወድቆ ተነሥቷል። ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ቀን፣ ሰኔ 10 ቀን 1935፣ የማኅበሩ ልደት ሆኖ ይከበራል።

እኔን የሚከነክነኝ የራሳችን ነገር ነው። ሰው ሲሞትብን እድሩ ድንኳን ይዞ ይደርሳል። ሰው በመጠጥ ሲያልቅ ግን ቤተሰቡ በር ዘግቶ ይደብቀዋል። «ተው እንጂ፣ ወንድ አይደለህም?» እንለዋለን። እኔ ይህን ምክር በብዛት ሰምቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ሳልጠጣ አላሳደረኝም። ያሳደረኝ «እኔም እንደዚያ ነበርኩ» የሚል ሰው ነው።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ቡና የማፈላው እኔ ነኝ። ሥራው ቀላል ነው፤ ግን ቀድሜ መድረስ ስላለብኝ ሌላ ቦታ አልሄድም። ስልክ ቁጥሬንም ለአዲስ ሰው እሰጣለሁ። ሁሉም አይደውልም።

ሠርግ ላይ ዛሬም ቶሎ ነው የምወጣው። እበላለሁ፣ ሙሽሮቹን እስማለሁ፣ ውስኪው ሲከፈት እኔ መኪናዬ ውስጥ ነኝ። አንዳንድ ዘመዶቼ ቅር ይላቸዋል። ቅር ይበላቸው።