ግንዱ የት አለ?

ጃፓን፣ ናጎያ ከተማ ውስጥ አሮጌ ፊልምና ካሴት ወደ ዲጂታል የምትገለብጥ አንዲት ትንሽ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራውን ከለቀቅኩ ቆይቻለሁ። አንዱ ጉዳይ ግን ዛሬም ሲነሳብኝ ደሜ ይፈላል።

ሥራውን ያመጣው ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጅ አንድ ድርጅት ነው። ስሙን ትቼዋለሁ። ርዕሱ የናጎያ አካባቢ የግል ቴሌቪዥን ታሪክ ነበር። ፊልሞቹ ከአንድ ባለቤት የመጡ አይደሉም። ከጣቢያ የመጣ አለ። ከድሮ የፊልም ዜና ሠሪዎች መጋዘን የመጣ አለ። ባለቤቱ ሞቶ ወራሾቹ ያስረከቡት ሣጥንም አለ። እኛ አጽድተን፣ ስካን አድርገን፣ ፋይል ማስረከብ ነው ሥራችን።

ናጎያ እንዲህ ዓይነት ኤግዚቢሽን የሚገባት ከተማ ናት። በጃፓን የመጀመሪያው የግል ሬዲዮ ድምፅ የተሰማው ከቶኪዮ እንዳይመስላችሁ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1951 ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሲቢሲ የሚባለው የናጎያ ጣቢያ አየር ላይ ወጣ። ኦሳካ በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ተከተለች። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1954 ከተማዋ መሀል ላይ 180 ሜትር የሚረዝም የቴሌቪዥን ማማ ቆመ። የነደፉት ታቹ ናይቶ ናቸው፤ የቶኪዮን ማማም ኋላ የነደፉት እሳቸው ናቸው። ሲቢሲ ቴሌቪዥን የጀመረው ዲሴምበር 1 ቀን 1956 ነው። ቶካይ ቴሌቪዥን በ1958 የገና ቀን ተከተለ። ከዚያ በ1962፣ በ1969፣ በ1983 ሌሎቹ መጡ። ለአንድ አካባቢ አምስት የግል ጣቢያ! እኛ አገር ቴሌቪዥን በ1964 ሲጀመር የመንግሥት አንድ ጣቢያ ነበር፤ እኔም ያደግኩት በአንድ ቻናል ነው። ስለዚህ ሥራውን በጉጉት ነበር የጀመርኩት።

እኛ ጋ አንድ ጡረተኛ አማካሪ ነበሩ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ገና በወጣትነታቸው ፊልም ማጠቢያ ክፍል ተቀጥረው፣ ካሜራው ሁሉ ወደ ቪዲዮ እስኪዞር ድረስ የዜና ፊልም ሲያጥቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጃፓኖቹ በአክብሮት በቤተሰብ ስማቸው ይጠሯቸዋል። እኔ በልቤ ጋሼ እላቸው ነበር። እዚህም ጋሼ ልበላቸው።

ብዙ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ለምሳሌ የድሮው ቪዲዮ ቴፕ እጅግ ውድ ስለነበር ፕሮግራሙ ካለፈ በኋላ በላዩ ሌላ ይቀዳበት ነበር። በ1960ዎቹ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራው ድራማና ሙዚቃ አብዛኛው የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። የዜና ፊልም ግን አንዴ ከታጠበ በኋላ በላዩ መቅዳት አይቻልም። ስለዚህ ጣሳ ውስጥ ገብቶ ተረሳ። መረሳቱ አዳነው።

ሁለተኛው ትምህርት ለዚህ ታሪክ ዋናው ነው። የዚያን ዘመን የዜና ፊልም አብዛኛው ድምፅ የለውም። ፊልሙ ሲሄድ ዜና አንባቢው ስቱዲዮ ቁጭ ብሎ ጽሑፉን በቀጥታ ያነባል። ፊልሙ ወደ ጣሳ፣ ጽሑፉ ወደ ፋይል ይገባል። ሁለቱ ከተለያዩ በእጅህ የሚቀረው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ የማይናገር ሥዕል ነው። እኛ ጋ ከጣሳዎቹ ጋር የዜና ጽሑፎች የታጨቁባቸው ካርቶኖች አብረው መጥተው ነበር። ሻካራ ወረቀት ላይ በእርሳስ የተጻፉ። ስርዝ ድልዝ የበዛባቸው። በውላችን ውስጥ ግን ስለ ወረቀት አንድም ቃል የለም።

ጠቡ የተነሳው በአንዲት ጣሳ ነው። ላይዋ ላይ «1959፣ ውኃ» ከሚል ጽሑፍ በቀር የሚነበብ የለም። ስትከፈት የኮምጣጤ ሽታ አፍንጫ ሰነጠቀ። አሲቴት ፊልም ሲበላሽ እንዲህ ነው። መጋጠሚያዎቹ ደርቀው ገና ሲነኩ ይለቁ ነበር። ጋሼ ነጭ ጓንት አጥልቀው አንድ በአንድ አጣበቋቸው። የወጣው ሥዕል ግን ጥርት ያለ ነው። እስከ አድማስ የተዘረጋ ውኃ። የተቆረጠ ግድብ። በጠባብ ጀልባ የሚቀዝፉ ወንዶች። ጣሪያው ብቻ የሚታይ አንድ ቤት።

1959 ሲባል ናጎያ ውስጥ ማብራሪያ የሚጠይቅ ሰው የለም። ሴፕቴምበር 26 ማታ ኢሴዋን የሚሉት ታይፉን፣ ከባሕር የሚነሳ ብርቱ አውሎ ነፋስ፣ መታ። ከ5,000 በላይ ሰው ሞተ ወይም የገባበት ጠፋ። ወደቡ ላይ ባሕሩ 3 ሜትር ከ89 ሳንቲ ሜትር ደረሰ። መብራት ስለጠፋ ቴሌቪዥን ያለውም ማየት አልቻለም፤ በዚያች ሌሊት ለሰው የደረሰለት በባትሪ የሚሠራው ሬዲዮ ነው። ወደቡ አጠገብ ደግሞ ለጣውላ የመጣ ግዙፍ ግንድ በገንዳ ውኃ ውስጥ ተከማችቶ ነበር። ማዕበሉ ግንዱን ይዞ ሰፈር ገባ። ሚናሚ በሚባለው ክፍለ ከተማ ብዙ ሰው ያለቀው ግንዱ ቤቱን እያፈረሰበት ነው። ጋሼ ያኔ ልጅ ነበሩ። ያደጉት በዚያው በደቡብ ናጎያ ነው።

የኤግዚቢሽኑ ኃላፊ ሥራውን ሊያይ መጣ። ወጣት፣ ፈጣን፣ ሱፉ የተተኮሰ። የፓነሉን ጽሑፍ ይዞ ነበር። «ሚናሚ፣ ሴፕቴምበር 27 ጠዋት። የአካባቢያችን የቴሌቪዥን ካሜራ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ» ይላል። ለዚህ ጽሑፍ ያሰበው ሥዕል ይኼው የኛው ነው።

ጋሼ ጽሑፉን አነበቡ። ዞር ብለው «እስቲ ከመጀመሪያው አጫውተው» አሉኝ። አጫወትኩት። እስኪያልቅ ዝም ብለው አዩ። ከዚያ ረጋ ብለው ኃላፊውን ጠየቁት።

«ግንዱ የት አለ?»

«ይቅርታ፣ የምን ግንድ?»

«በማግሥቱ ሚናሚ ውስጥ ግንድ የሌለበት መንገድ አልነበረም። እኔ ያለፍኩት በግንድ ላይ እየተራመድኩ ነው። እዚህ ላይ አንድም የለም። ቤቱም የገበሬ ቤት ነው። ይኼ ሚናሚ አይደለም።»

ኃላፊው ፈገግ አለ። «እርስዎ ልጅ ነበሩ፤ ከስንት ዓመት በኋላ ነው የሚያስታውሱት» አላቸው። አነጋገሩ ትሕትና ነበረው። ትሕትናው ነው ያንገበገበኝ። ሰውዬው የሆዳቸውን ሲያወጡለት እሱ የዕድሜያቸውን መግፋት ነው ያየው።

ጋሼ መልስ አልሰጡትም። ወደ ካርቶኖቹ ሄዱ። ያን ቀንም በማግሥቱም እነዚያን ወረቀቶች ሲያገላብጡ ዋሉ፤ እኔም ከሥራ በኋላ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። በመጨረሻ አገኟት። የሥዕሎቹ ቅደም ተከተል ከፊልሙ ጋር አንድ በአንድ ይገጥማል፦ የተቆረጠው ግድብ፣ ጀልባው፣ ጣሪያው። ቦታው ናቤታ። ቀኑ ኦክቶበር 3።

ናቤታ ከናጎያ በስተምዕራብ ያለ፣ ከባሕር ተነጥቆ የተደረቀ መሬት ነው። አዲስ ሰፋሪ ገበሬዎች ናቸው የነበሩበት። ግድቡ ሲሰበር ሰፈሩን ባሕሩ ጠራርጎ ወሰደው። እንግዲህ እነዚያን ሰዎች ነው ከሥዕላቸው ላይ ነቅሎ የሌላ ሰፈር ስም የሚለጥፍባቸው።

ወረቀቱን ይዘን ደወልንለት። መልሱን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ፓነሉ ታትሟል። ተመልካቹ ልዩነቱን አያውቅም። ደግሞ እናንተ ሥዕሉን ገልብጡ እንጂ ታሪኩን ለእኛ ተዉት።»

ይኼን ለምን እንዲህ እንደማከርር ልንገራችሁ። በጃፓን የክልል ጣቢያ አብዛኛውን ሰዓት የሚያስተላልፈው ከቶኪዮ የሚመጣ ፕሮግራም ነው። እንዲያውም የቶኪዮውን ፕሮግራም ስላስተላለፈ ከማስታወቂያው ገቢ ድርሻ ይከፈለዋል። በራሱ ገንዘብ ፕሮግራም መሥራት ግን ወጪ ነው። ስለዚህ የራሱ የሚለው ሥራ ከቀኑ ጥቂት ሰዓት ቢሆን ነው። ካኩኤይ ታናካ የሚባሉት፣ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሰው፣ በ1957 የፖስታና ቴሌኮሙኒኬሽን ሚኒስትር ሳሉ በ39 ዓመታቸው ለ34 የግል ድርጅቶች ባንዴ የቴሌቪዥን ቅድመ ፈቃድ ሰጡ። ፈቃዱ የተሰጠው በየአካባቢው ነው። ለምን? እዚያ ያለው ሰው የራሱን መንደር እንዲያይ ነው። የቶኪዮ ካሜራ ናቤታን ከሚናሚ ባይለይ አይፈረድበትም። የናጎያ ጣቢያ ዋጋው ግን መለየቱ ላይ ነው። ይኼ ከጠፋ የሚቀረው የቶኪዮን ሥዕል ማስተላለፊያ ማማ ብቻ ነው። ማማውም ቢሆን ጁላይ 24 ቀን 2011 የአናሎግ ሥርጭት ሲዘጋ ሥራውን ጨረሰ፤ ዲጂታሉ የሚሄደው ሴቶ ከተማ ካለው ሌላ ማማ ነው።

ለማንኛውም ክርክር እንደማይሠራ ገባኝ። እያንዳንዱ ፋይል ላይ ቦታና ቀን የሚሞላበት ክፍት ቦታ አለ። ለኃላፊው ኢሜይል ጻፍኩ። «በስክሪፕቱ መሠረት ናቤታ፣ ኦክቶበር 3 ብዬ እሞላለሁ። ሚናሚ፣ ሴፕቴምበር 27 እንዲባል የሚፈልጉ ከሆነ በጽሑፍ ይዘዙኝ» አልኩት። መልስ የለም። ደግሜ ላክሁ። አሁንም የለም። በአፉ እንደዚያ ሲናገር የነበረ ሰው ስሙን ፈርሞ ሊያዝ አልደፈረም። ናቤታ ብዬ ሞላሁት። የስክሪፕቱንም ቅጂ ከፋይሉ ጋር አያያዝኩት። ልቤ ሞላ። መፍትሔው ይኼ ነው፣ ሁሉንም በጽሑፍ መጠየቅ ነው አልኩ።

ከዚያ የካርቶኖቹ ጉዳይ መጣ። ኃላፊው ለአለቃዬ ስልክ ደውሎ «ወረቀቱን ማንም መልሶ አይፈልገውም፣ አስወግዱት» ብሏቸዋል ተባለ። እኔም በተማርኩት መሠረት «ይወገድ የሚለውን በጽሑፍ ይላኩልን» ብዬ ጻፍኩ። እንደ በፊቱ ዝም ይላል ብዬ ነው። መልሱ በዚያኑ ቀን ከሰዓት መጣ። አጭር፣ ጨዋ፣ ቀይ ማኅተም ያለበት። «ሙሉ በሙሉ ይወገድ።»

ማኅተም ከመጣ በኋላ አለቃዬ ምን ያድርጉ? ክፉ ሰው አይደሉም። ድርጅቷ ትንሽ ናት፤ ደንበኛ ካኮረፈ ደመወዝ ይዘገያል። ወረቀቱን ስካን እናድርግ ስንላቸው «ማን ይከፍላል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጋሼ «የሥራ ሰዓት አልጠይቅም፣ ማሽኑን ብቻ ማታ ማታ ፍቀዱልኝ» አሏቸው። አለቃዬ መልስ ሳይሰጡ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

የጭነት መኪናው እስኪመጣ ማታ ማታ ሠራን። ጋሼ ወረቀቱን ከፊልሙ ዝርዝር ጋር ያመሳክራሉ፣ ይመርጣሉ፣ ያስተካክላሉ። እኔ ስካን አደርጋለሁ። ፊልሙ የተረፈለትን ብቻ ነው የወሰድነው። ለሌላው ጊዜ አልነበረም። አንዳንዱን ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡት ነበር። የዓሣ ገበያ ዋጋ። የትምህርት ቤት ምርቃት። የሴራሚክ ፋብሪካ ሠራተኞች ስብሰባ። የአንድ ድልድይ መከፈት። ቶኪዮ ውስጥ ማንም የማይሰማው፣ እዚህ ግን አያቱ የነበሩበት ሰው የሚኖር። ፊልሙ ጠፍቶ ጽሑፉ ብቻ የቀረውን ሲያነሱ እጃቸው ላይ ያቆዩታል፤ ከዚያ ወደሚጣለው ያደርጉታል። እነዚያ ሄዱ። አሁን የሉም። እኔን የሚያናድደኝ ፓነሉ አይደለም፤ ፓነሉ ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ ተነስቷል። እነዚያ ወረቀቶች ናቸው። ለማከማቸት የሚያስፈልገው አንድ መደርደሪያ ነበር።

ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ሄጃለሁ። ጽሑፉ እንደታተመው ሚናሚ ይላል። ጋሼ አልሄዱም።

ከጊዜ በኋላ ስለ ታይፉኑ በአካባቢው ቴሌቪዥን ዘገባ ሲተላለፍ አየሁ። ያች ግድብ፣ ያ ጀልባ፣ ያ ጣሪያ። ፋይላችን ነው። ከሥር «ናቤታ» ተብሎ ተጽፏል። አንድ የማላውቀው ኤዲተር የሞላሁትን አንብቦ ተጠቅሞበታል። ወዲያው ለጋሼ ደወልኩ።

«አይተውታል?»

«አይቻለሁ» አሉ። ደስ ያላቸው መሰለኝ። ከዚያ «ቀኑን ግን አልጻፉም» አሉኝ።

«አዎ፣ ቀኑ የለም።»

«ፋይሉ ላይ ሞልተኸው የለም?»

«ሞልቻለሁ ጋሼ።»

«እንግዲያው ልጻፍላቸው» አሉ። በሳምንቱ ለጣቢያው ደብዳቤ ላኩ። የስክሪፕቱን ቅጂም አያይዘውበታል።