ሽፋኑ ወዴት ይጎብጣል?

ስለ ማይክሮኢመልሽን፣ ማለትም ዘይትና ውኃ እጅግ ደቅቀው ስለተቀላቀሉበት ፈሳሽ፣ የሚጻፈው አብዛኛው ማብራሪያ በዘይትና በውኃ መካከል ያለው የገጽ ውጥረት እጅግ ዝቅ ማለቱን ጠቅሶ ያልፋል። አባባሉ ትክክል ቢሆንም ጠብታዎቹ ያን መጠንና ያን ቅርጽ ለምን እንደያዙ አይነግረንም። መልሱ ሁለቱን ፈሳሾች በሚለየው፣ ውፍረቱ ከአንድ ሞለኪውል በማያልፈው የሰርፋክታንት (እንደ ሳሙና አንድ ጫፉ ውኃን፣ ሌላው ጫፉ ዘይትን የሚወድ ሞለኪውል) ሽፋን ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወተት ተራ ኢመልሽን (የቅባት ጠብታዎች በውኃ ውስጥ የተበተኑበት ድብልቅ) በመሆኑ ሲናጥ ቅቤው ይለያል። ማይክሮኢመልሽን ግን ሙቀቱና ቅንብሩ እስካልተለወጠ ድረስ ሳይለያይ የሚጸና፣ ጠብታዎቹም በአብዛኛው ከ100 ናኖሜትር ስለማይበልጡ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው።

የፊዚክስ ሊቁ ቮልፍጋንግ ሄልፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ቀመር መሠረት ስለ ሽፋኑ በቅድሚያ የሚጠየቀው፣ ምንም ሳያስገድደው ወደየትኛው ወገን መጉበጥ እንደሚያዘነብል ነው። ውኃ ወዳዱ የሞለኪውሉ ራስ ሰፊ ከሆነ ሽፋኑ ዘይቱን ይከባል፤ ዘይት ወዳዱ ጅራቱ ሰፊ ከሆነ ውኃውን ይከባል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ግን አማካይ ጉብጠቱ ወደ ዜሮ ይጠጋና፣ ውኃውም ዘይቱም ሳይቋረጡ እርስ በርስ የተጠላለፉበት ኮርቻ መሰል ገጽ ሊፈጠር ይችላል።

«ሊፈጠር ይችላል» ያልሁት የሽፋኑ ግትርነት፣ ማለትም ለመታጠፍ ያለው እምቢታ፣ ጭምር ስለሚወስን ነው። ሽፋኑ በጣም ግትር ከሆነ ከመጠላለፍ ይልቅ ተነባብሮ ፈሳሽ ክሪስታል (እየፈሰሰም ሞለኪውሎቹ በሥርዓት የተደረደሩበት ሁኔታ) ይሆናል። በማይክሮኢመልሽን ውስጥ የመታጠፍ ግትርነቱ ከሞለኪውሎች የሙቀት ጉልበት ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ በሕዋስ ሽፋን ላይ ግን የዚያን አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ተመራማሪዎቹ ዴ ዤንና ቶፓ እ.ኤ.አ. በ1982 ሽፋኑ ሳይወላገድ የሚዘልቅበት ርዝመት ከግትርነቱ ጋር በኤክስፖኔንሻል (ግትርነቱ በእኩል መጠን በጨመረ ቁጥር በእጥፍ እየተባዛ) እንደሚያድግ አሳይተዋል፤ ስለዚህ ግትርነቱ በጥቂቱ ሲቀንስ ያ ርዝመት በብዙ ያጥራል። ቡታኖልን ወይም ፔንታኖልን የመሰሉ አጭር ሰንሰለት ያላቸው አልኮሎች የሚጨመሩትም በአብዛኛው ሽፋኑን ለማለስለስ ነው።

ለእኛ ለወሎ ሰዎች የሙቀቱ ጉዳይ ይበልጥ ያሳስበናል። በራሳቸው በኩል የኤቲሊን ኦክሳይድ ሰንሰለት ያላቸው አዮናዊ ያልሆኑ (ኤሌክትሪካዊ ሙል የሌላቸው) ሰርፋክታንቶች ሲሞቁ፣ ውኃ ወዳዱ ራስ የያዘውን ውኃ ስለሚለቅ፣ ጉብጠቱ ቀስ በቀስ ወደ ውኃው ይዞራል። በውኃ፣ በኦክቴንና የዚህ ዓይነት ሰርፋክታንት በሆነው በፔንታኤቲሊን ግላይኮል ዶዴሲል ኤተር ቅንብር፣ ጉብጠቱ ዜሮ የሚሆንበት ሚዛን የሚደረሰው በ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በደሴ ብርድ ጠዋት ዘይቱን በውኃ ውስጥ በጠብታ የያዘ እንዲህ ያለ ናሙና፣ ቁልቁል ወርዶ በኮምቦልቻ ሞቃት ቀትር ሲቀመጥ ወደዚያ ሚዛን ይጠጋል። አዮናዊ በሆኑት ላይ ግን ከሙቀት ይልቅ ጨው የራሶቹን መገፋፋት በማዳከም ጉብጠቱን በጉልህ ይለውጣል፤ ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች የተለኩ ውጤቶችን የሚያነጻጽር ተማሪ ሙቀቱንም የጨው መጠኑንም አብሮ ይመዝግብ።