አራት ገጾች በአንድ ገጽ

ዛሬ ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ለብሶ ዋለ፤ እኔም ከኮምፒውተሬ ፊት ሳልነሳ ዋልሁ። ሥራው ሐይቅ ከተማ ላለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ የሚሆን ድረ ገጽ ነው። ዎርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም «ስለ እኛ»፣ «ክፍሎች»፣ «ምግብ» እና «አድራሻ» የሚሉ አራት ገጾች፣ እያንዳንዳቸውን በራሳቸው ቴምፕሌት (የገጹን አቀራረብ በሚወስን የኮድ ፋይል) ሠርቼ ጨርሼ ነበር። የማረፊያው ባለቤት የሆኑት እናት ግን ትናንት ደውለው «ልጄ፣ እንግዳው በስልኩ ወደ ታች እየሳበ ሁሉንም በአንድ ላይ ይየው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

አራቱን ቴምፕሌቶች በመነሻው ገጽ ላይ አከታትዬ ስጠራቸው የማረፊያው ስምና ማውጫው አራት ጊዜ ተደርድሮ መጣ። ለካ እያንዳንዱ ቴምፕሌት ስሙና ማውጫው ያሉበትን ራስጌና ከታች የሚመጣውን ግርጌ ለብቻው ይጠራል! ከአራቱም አውጥቼ በዋናው ገጽ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አስቀመጥኋቸው። ገጾቹን የመነሻው ልጆች፣ ማለትም በሥሩ ያሉ ገጾች፣ አድርጌ በቅደም ተከተል ቁጥራቸው እንዲመጡ አዘዝሁ፤ በአንዱ ገጽ ላይ ለተደረደረው ለእያንዳንዱም መለያ ሰጥቼ፣ ማውጫው ሲነካ ወደ እሱ እንዲወስድ አያያዝሁት።

አንድ ስሕተት ግን ቡናው በረካ እስኪደርስ አቆየኝ። ግርጌው ላይ የመነሻው ገጽ ርዕስ መታየት ሲገባው «አድራሻ» የሚል ይወጣል። ዎርድፕሬስ በመጨረሻ ያነበበውን ገጽ እንደያዘ ቀርቶ ኖሯል። ወደ ዋናው ገጽ የምትመልሰውን አንዲት መስመር ኮድ፣ ገጾቹን በየተራ ከሚጠራው ዙር በኋላ ብጨምር ተስተካከለ። ደስታዬን ለመናገር ያስቸግረኛል።

ማምሻውን የድረ ገጹን ሊንክ ለባለቤቷ ላክሁላቸው። «ክፍሎች» የሚለውን ሲነኩ ገጹ ወርዶ አልጋዎቹን ከነጋቢዎቻቸው አሳያቸው። «አሁን ቤቴን መሰለ» አሉኝ።