ልጆቹ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ተቀየረ

ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ አሰልጣኝ ሆኜ የገባሁት በ2009 ነው፣ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ተመርቆ ገና አመት ሳይሞላው። ስራዬ ከየገጠሩ ለሚመጡ ልጆች ማሽን ማስያዝ ነበር። ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከጌዴኦ ይመጣሉ፣ ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ስፌት ማሽን አይተው አያውቁም፣ ፔዳሉን ሲረግጡት ጨርቁ ሲፈተለክባቸው ደንግጠው እጃቸውን ይሰበስባሉ። ያኔ የሚጠይቁኝ ቀላል ነበር። ሽንት ቤት ለመሄድ ማንን ነው የማስፈቅደው፣ ሰርቪስ ስንት ሰአት ይመጣል፣ መርፌው ጣት ይወጋል ወይ።

ሁለት ሶስት ወር ሲቆዩ ወሬው ሁሉ ብር ሆነ። መነሻ ደሞዙ 750 ብር አካባቢ ነበር፣ አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ ፍራሹ ለሁለት ነው። በ2011 የወጣው የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ኦቨርታይም በቀን ከ4 ሰአት በሳምንት ከ12 ሰአት አይበልጥ ይላል፣ እነሱ ግን እንዲበዛላቸው ነው የሚለምኑኝ፣ ምክንያቱም ያለሱ ኪራዩ አይሞላም። ያው አዋጅ ዝቅተኛ ደሞዝ የሚወስን ቦርድ ይቋቋማል ይላል፣ የግል ድርጅት ሰራተኛ ግን እስካሁን የደሞዝ ወለል የለውም፣ ይሄ ሁሌም ያናድደኛል።

ከዛ የአጎዋ ጉዳይ መጣ፣ አጎዋ የአፍሪካ አገሮች እቃቸውን ያለቀረጥ አሜሪካ እንዲያስገቡ የሚፈቅድ የአሜሪካ ህግ ነው። ከታህሳስ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ለኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ያለቀረጥ መላክ ቀረ፣ ኦርደር ቀነሰ፣ እኛ ጋ የስፌት መስመሩ፣ ላይን የምንለው፣ አንድ በአንድ እየተዘጋ ሄደ። ልጆቹ በሻይ ሰአት ከበው "ቲቸር አጎዋ ምንድነው?" ይሉኛል። ስሙን ሰምተውት በማያውቁት ነገር ስራቸው ሲሄድ ማየት ከባድ ነው።

ያኔ ከወጡት አንዷ አራት አመት ሙሉ ኮሌታ ስትሰፋ የኖረች ልጅ ናት። እጇ እሳት ነው፣ ታርጌት ጎድሎባት አያውቅም። አገሯ ገብታ አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ስራ ጠየቀች፣ ሰውየው ጨርቅና መቀስ ሰጥቷት የተማሪ ዩኒፎርም ቁረጪ አላት። መቀሱን ይዛ ቆመች። ማታ ደውላ "ቲቸር እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ ወይስ አይደለሁም?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ኮሌታ ብቻ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ላይን ላይ አንድ ሸሚዝ በብዙ ሰው ተበጣጥሶ ነው የሚሰፋው፣ አንዷ ኪስ፣ አንዷ እጅጌ፣ አንዷ ቁልፍ፣ ለፋብሪካው ቶሎ ያደርሳል፣ ልጅቷ ስትወጣ ግን ይዛ የምትወጣው የሸሚዙን አንድ ቁራጭ ነው።

አሁን የሚጠይቁኝ ሌላ ነው። ይሄ የስራ ልምድ ወረቀት ሌላ ቦታ ይሰራል? ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ብፈተን አልፋለሁ? አረብ ሀገር ብሄድ ይጠቅመኛል? የብሩ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የዘይቱም የኪራዩም ነገር አይነሳ፣ ደሞዝ ተጨመረ ቢባል እንኳን አይደርስበትም፣ ስለዚህ ልጆቹ ይሄ ስራ ሲያልቅ ምን ይዤ እወጣለሁ ነው የሚሉት፣ ልክም ናቸው። በየስድስት ወሩ ከአንዱ የስፌት ስራ ወደ ሌላው ማዘዋወር፣ ፓተርን (ጨርቁ የሚቆረጥበትን የወረቀት ልክ) እና ቆረጣ ማስተማር፣ የሲኦሲ መፈተኛውን መክፈል አንድን ፋብሪካ አያከስርም ባይ ነኝ። ቢያንስ የስራ ልምዱን ወረቀት አታስቀሩባቸው፣ የሰራችውን ስራ፣ የቆየችበትን ጊዜና ደሞዟን የሚገልጽ ወረቀት ያለክፍያ መስጠት ህግ ነው፣ ልጆች እናንተም ሳታፍሩ ጠይቁ።

እሁድ እሁድ ቤቴ ስድስት ልጆች ይመጣሉ፣ ጋዜጣ ላይ ፓተርን እናወጣለን። ኮሌታዋ ልጅ ወደ ሀዋሳ ተመልሳ አብራ እየተማረች ነው። ባለፈው እሁድ የመጀመሪያ ቀሚሷን ከቆረጣ እስከ ጠርዝ ዝምዘማ ብቻዋን ጨረሰች፣ ትከሻው ጋ ሁለት ሴንቲ ጠቧል። በዚህ እሁድ ስፌቱን ፈትተን እንደገና እንለካዋለን።