ዓባይ በረሃ የቀረው ጆሮዬ

ደብረ ማርቆስ ከገባሁ ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው። ግራ ጆሮዬ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም።

የጀመረኝ ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ለአስተርዮ ማርያም እናቴ ቤት እደርሳለሁ ብዬ ከነጉንፋኔ ከአዲስ አበባ ተነሳሁ። ጎሃ ጽዮን ሻይ ጠጣን። ከዚያ መኪናው ቁልቁል መጠማዘዝ ጀመረ። በ20 ኪሎ ሜትር መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የሚወረደው። ገና እኩሌታው ላይ ሳንደርስ ሁለቱም ጆሮዬ ድፍን አለ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ልጇ ሲያለቅስባት ጡቷን አጎረሰችው። ጠባ ጠባ አደረገና ዝም አለ። እኔም ምራቄን ደጋግሜ ዋጥኩ። ቀኙ ጧ ብሎ ተከፈተ። ግራው እንቢ አለ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ አፍንጫዬን ይዤ ባለ በሌለ ኃይሌ ነፋሁ። እንደ ሚስማር ወጋኝ። ወደ ደጀን ስንወጣ ሕመሙ ለቀቀኝ፤ ድፍንነቱ ግን አብሮኝ ደብረ ማርቆስ ገባ።

ያልደረሰበት ሰው ቀላል ነገር ይመስለዋል። የራሴ ድምፅ ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ ሆነብኝ። ቆሎ ስቆረጥም ወፍጮ ቤት የገባሁ ያህል ነው። ሰው ከግራዬ ሲጠራኝ ወደ ቀኝ እዞራለሁ።

እማዬ ጤና አዳም ጨምቃ፣ ዘይት ለብ አድርጋ መጣች። «ጋደም በል፣ ጠብ ላድርግልህ» አለችኝ። ልጅ ሆኜ ስንቴ አድርጋልኛለች። ያን ቀን ግን ፈራሁ። ያን ያህል ስነፋ ታምቡሬ ተቀዶ ቢሆንስ? «መጀመሪያ ሐኪም ይየው» አልኳት። አልሰማችኝም። ጮክ ብዬ ደገምኩት።

የእማዬ ጆሮ ከደከመ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እርጅና ነው ብለን ትተነው ነበር። ስልክ ስደውልላት እጮሃለሁ። ሁለቴ «ምን አልከኝ?» ካለች ይሰለቸኛል። «ደህና ነሽ? በይ ቻው» ብዬ እዘጋለሁ። ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረግኩ ሳስበው ያንገበግበኛል።

የመጣሁ ዕለት ማታ መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ለእሷም የሚሻላት ቀኝ ጆሮዋ ነው። በቀኟ ስሆን እኔ አልሰማትም። በግራዋ ስሆን እሷ አትሰማኝም። ሁለታችንም አንገታችንን ጠምዝዘን «እ?» እንባባላለን። በመጨረሻ ዱካ አመጣሁና ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው ከንፈሬን እያየች እንደምታዳምጥ ያስተዋልኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ አላየሁትም።

በማግስቱ «አብረን እንሂድ፣ ያንቺንም ይዩት» ብዬ ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ዶክተሯ ጫፏ ላይ መብራት ባላት መሣሪያ ጆሮዬን አየች። ታምቡሬ አልተቀደደም። ከታምቡሩ ጀርባ አየር ያለባት ትንሽ ክፍል አለች፣ ከአፍንጫ ጀርባ የሚነሳ ቀጭን ቱቦም አየር ያደርስላታል አለችኝ። ቱቦው ስንውጥ ወይም ስናዛጋ ይከፈታል። ለካ ያ ሕፃን ጡት ሲጠባ ጆሮውን እየከፈተ ነበር! አቀበት ስንወጣ አየሩ በራሱ ይወጣል። ቁልቁለት ላይ ግን ካልከፈትንለት አይገባም። ጉንፋን ደግሞ ቱቦውን ያሳብጠዋል። ውጭ ያለው ግፊት ታምቡሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ከኋላው ውሃ ይቋጥራል። የእኔም ይኸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይደርቃል። በኃይል እንዳልነፋ አስጠነቀቀችኝ። መግል ወይም ብርቱ ማዞር ከመጣ፣ ወይም መስማት በድንገት ከጠፋ ግን ሳላድር እንድመጣ ነገረችኝ።

እህቴ ትዝ አለችኝ። ጅዳ ስትወርድ ጆሮዬ ሊፈነዳ ነበር ብላኛለች፤ ከቦሌ ስትነሳ ግን ምንም አልተሰማትም። አሁን ገባኝ። አውሮፕላን ውስጥ የሚጠበቀው የአየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ነው። ቦሌም ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሳ ጆሮ ሽቅብ ሲወጣ ምንም አይመስለውም፤ ፈተናው ባሕር ዳርቻ ሲያርፍ ነው።

ከዚያ የእማዬ ተራ ደረሰ። ዶክተሯ አየችና ፈገግ አለች። «እናቴ፣ ጆሮዎን በምንድን ነው የሚያጸዱት?»

«በላባ» አለች እማዬ። «አንዳንዴም በክብሪት እንጨት።»

ኩኩ በሁለቱም ጆሮዋ ደርቆ ጠጥሯል። ጆሮ ኩኩን ቀስ እያለ ራሱ ወደ ውጭ ይገፋል። ላባውም እንጨቱም፣ እኛ ከተሜዎች የምንጠቀምበት ባለ ጥጥ እንጨትም፣ መልሶ ወደ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል። ማለስለሻ ጠብታ ሰጠቻት። አምስት ቀን ጠዋትና ማታ ራሴ ጠብ አደረግኩላት። ጭኔ ላይ ጋደም ስትል ሽበቷን ከጆሮዋ ላይ ገለል አደርጋለሁ። የጆሮ ጌጧ ቀዳዳ ረዝሞ ክር መስሏል።

ዛሬ ጠዋት ተመለስን። ነርሷ ውሃውን በእጇ አንጓ ላይ አፍስሳ ለካችው። እንደ ገላ ለብ ካላለ ያዞራል አለችን። መርፌ በሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ቀስ እያደረገች አጠበቻት። ሦስተኛው ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጥቁር ቡናማ ነገር ሳህኑ ላይ ዱብ አለች። እማዬ አይኗን ከፈተች። የሳህኑን ድምፅ ሰምታለች መሰለኝ። ግራውም ወጣ።

ባጃጅ ውስጥ እንደለመድኩት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ «ቤት ነው ወይስ ገበያ እንለፍ?» አልኳት።

እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች። «ቀስ በል ልጄ፣ ምን ያስጮህሃል?»