«ፓፍ የዋሁ ዘንዶ» በክራር

«Puff, the Magic Dragon» (ፓፍ አስማተኛው ዘንዶ) የተባለውን የእንግሊዝኛ ዘፈን ብዙ ሰው ደራሲው የማይታወቅ የጥንት የሕዝብ ዜማ ያደርገዋል። አይደለም። ግጥሙን እ.ኤ.አ. በ1959 የጻፈው ሌናርድ ሊፕተን የተባለ የ19 ዓመት የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሊፕተን፣ ኦግደን ናሽ የተባለ ገጣሚ ስለ አንድ ፈሪ ዘንዶ የጻፈውን ግጥም አንብቦ የራሱን በሌላው የኮርኔል ተማሪ በፒተር ያሮው የጽሕፈት መኪና መታው፤ ወረቀቱንም እዚያው ትቶት ሄደ። ያሮው ግጥሙን አስፋፍቶ ዜማ አበጀለት። ያሮው የነበረበት የዘፋኞች ቡድን ፒተር፣ ፖልና ሜሪ እ.ኤ.አ. በ1963 በሸክላ ሲያወጣው በአሜሪካ የዘፈኖች ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ደረሰ። ያሮው የሊፕተንን ስም በደራሲነት አብሮ ማስመዝገቡ የሚያስመሰግነው ነው። ኋላ የዕፅ ዘፈን ነው የሚል ወሬ ተነዛ፤ ሁለቱም አስተባብለዋል። እውነትም ቃሉን የሰማ ሰው የሚያገኘው ሌላ ነው፦ የዘንዶው ጓደኛ የነበረው ልጅ አደገ፣ መምጣቱን ተወ፣ ዘንዶው አዝኖ ዋሻው ገባ።

ጅማ ላይ ይህን ለልጆች በአማርኛ ማስጠናት የሚፈልግ መጀመሪያ የሚሰናከለው ቃል ላይ ነው። ዘንዶ ሲባል እኛ የምናውቀው የአክሱሙን አርዌ ነው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦር የወጋውን ነው፤ ሲሞት እልል ይባላል እንጂ አይለቀስለትም። «አስማተኛ» ሲጨመርበት ይብሳል፤ አስማት ድግምትና መተት ነው የሚያስታውሰን። ስለዚህ «ፓፍ የዋሁ ዘንዶ» በሉት። ልኩም ይገጥማል። የእንግሊዝኛው መክፈቻ 6 ቀለም ነው፤ ፓፍ-የ-ዋ-ሁ-ዘን-ዶም 6። «ፓፍ አስማተኛው ዘንዶ» 7 ስለሚሆን ልጆቹ ቃሉን ለማስገባት ይጣደፋሉ፣ ምቱም ይሰበራል።

ትልቁ ችግር ግን ቅኝቱ ነው። ዜማው በላይኛው ዶ (ከዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ በኋላ በሚደገመው ቀጭን ዶ) ይከፈታል፤ «ፓፍ የዋሁ» አራቱም ቀለም እዚያው ዶ ላይ ነው። ከዚያ «ዘን» ወደ ሲ፣ ቀጣዩ ቀለም ወደ ሶል ይወርዳል። ሆድ የሚያባባው ያ ሲ ነው። ክራር በትዝታ ሜጀር ሲቃኝ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል፤ 6ኛው ክር ደግሞ የላይኛው ዶ። ሲ የለም፣ ፋም የለም። ባቲ ሜጀር የተባለው ሌላው ቅኝት ሁለቱም አሉት፤ በፈንታው ሬና ላ ይጎድሉታል፤ ሐረጉ ደግሞ ወዲያው ላን ይፈልጋል። ልጆች ሲን ሲያጡት ጣታቸው ላ ላይ ያርፋል፤ ያን ጊዜ ዜማው ጥሩ የትዝታ ዜማ ይሆናል እንጂ ፓፍ አይደለም።

መፍትሔው ይህ ነው። ከወፍራሙ ድምፅ ወደ ቀጭኑ ስትቆጥሩ 3ኛውን ክር ከሚ ወደ ሶል፣ 4ኛውን ከሶል ወደ ላ፣ 5ኛውን ከላ ወደ ሲ አጥብቁ፤ 6ኛው ባለበት ይቆይ። አሁን ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ በተርታ አላችሁ፤ መክፈቻው ሐረግ ሙሉ ይወጣል። ፋና ሚ በሚመጡበት ቦታ ክራሩ ዝም ይበል፣ ድምፅ ብቻውን ይሂድ። 3ኛው ክር አንድ ቶን ተኩል (አንድ ቶን ከዶ እስከ ሬ ያለው ርቀት ነው) ስለሚወጣ የሚበጠሰው እሱ ነው። መቃኛውን በትንሽ በትንሹ አዙሩ፣ መሃል ላይ ክሩን በጣት ሳብ ሳብ እያደረጋችሁ አለማምዱት። ከመነሻው የጠበቀ ከሆነ መጀመሪያ ስድስቱንም አንድ ቶን አውርዱ።

የጅማ ክረምት ሌላ ጣጣ አለው። የገበቴው ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፣ ክሮቹን ቆዳው ላይ የሚደግፈው ብርኩማ ይሰምጣል፣ ክሮቹም አብረው ይወርዳሉ። ጠዋት የተቃኘ ክራር ከሰዓት ሲነኩት ሲው ወደ ላ ተጠግቶ ይገኛል። ክር ከማጥበቅ በፊት ቆዳውን ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ በሞቀ ክፍል አድርቁት። እርጥብ ቆዳ ላይ የተቃኘ ክር ቆዳው ሲደርቅ ይወጠርና ይበጠሳል።

ልጁ የቀረበትን ስንኝ ያሳዝናል ብለው የሚዘሉ አሉ። አትዝለሉት። እዚያ ላይ ክራሩ ላይኛውን ዶ ብቻ በየምቱ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ይንካ፤ «ዘንዶ» ሲመጣ ሲንና ሶልን ቀስ ብሎ ይጨምር።