የአማርኛ አድራሻ በጃንጎ፦ ከሊንኩ እስከ ኮንትሮለሩ

ብዙ የአማርኛ ሳይቶችን ስትከፍቱ ርዕሱም ጽሑፉም አማርኛ ነው። አድራሻው ግን ወይ ደረቅ ቁጥር ነው ወይ ደግሞ ርዕሱ በላቲን ፊደል ተጨማምቆ ምን እንደሚል የማይገባ ነገር ነው። ይሄ ያንገበግበኛል። ሰው በሚያነብበት ቋንቋ አድራሻውንም ማንበብ መቻል አለበት ብዬ አምናለሁ፣ ደግሞም ይቻላል። ፊደላችን ምንም ችግር የለበትም። ችግሩ ያለው አድራሻን ከኮድ ጋር የሚያገናኘው ክፍል ላይ ነው፣ በተለምዶ የምንጠቀምባቸው መሣሪያዎቹ የሚያውቁት ላቲንን ብቻ ነው። እኔ ዘወትር በምሠራበት፣ በፓይተን ቋንቋ ሳይት መሥሪያ በሆነው በጃንጎ ላሳያችሁ።

አንድ ሰው ብራውዘሩ ላይ «ዜና/የቡና-ዋጋ» ብሎ ጻፈ እንበል። ብራውዘሩ ፊደሎቹን እንዳሉ አይልካቸውም። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት በተለመደው መንገድ፣ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል፣ እያንዳንዱ ባይት ደግሞ የፐርሰንት ምልክትና ሌላ 2 ቁምፊ ሆኖ ይጻፋል፣ ስለዚህ አንዱ ፊደል 9 ቁምፊ ይሆናል ማለት ነው። «ዜና» ብቻ 18 ነው። ሊንኩን ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት ያ ረጅም የፐርሰንት ሰልፍ የሚመጣው ለዚህ ነው። ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ ግን መጀመሪያ ወደ ፊደል ይመለሳል፣ ማዛመዱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ማዛመዱ ራሱ ቀላል ነው። የፓተርን፣ ማለትም አድራሻ ምን መምሰል እንዳለበት የሚናገር ናሙና፣ ዝርዝር አለ። ጃንጎ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ይሞክርና መጀመሪያ የገጠመው ላይ ይቆማል፣ ከታች ያሉትን ዞር ብሎም አያያቸውም። ከዚያ ከአድራሻው የወሰደውን ክፍል ይዞ እዚያ ፓተርን ጎን የተጻፈውን ፋንክሽን፣ ማለትም ገጹን የሚያዘጋጀውን ኮድ ይጠራል። ላራቬል ወይም ሬይልስ በሚባሉት ሌሎች ሳይት መሥሪያዎች የምትሠሩ ኮንትሮለር የምትሉት ነው፣ ጃንጎ ቪው ይለዋል፣ ሥራው ያው ነው።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። «ዜና/» ብሎ ቀጥሎ ማንኛውንም ርዕስ የሚቀበል ፓተርን ከላይ ካስቀመጣችሁ፣ «ዜና/ፍለጋ» የሚለውን ከሥሩ ብትጽፉት በፍጹም አይደረስበትም። ጃንጎ «ፍለጋ» የሚባል ዜና አምጣ ብሎ ዳታቤዙን ይጠይቃል፣ ዳታቤዙ የለም ይላል፣ ተጠቃሚው 404፣ ማለትም «ገጹ አልተገኘም» የሚለውን ያያል። እናንተ ደግሞ የፍለጋውን ኮድ አገላብጣችሁ ታያላችሁ፣ ኮዱ ላይ ምንም ችግር የለም። ጠባቡ ከላይ፣ ሰፊው ከታች።

አሁን ወደ አማርኛው። ብዙ ሰው ለርዕስ የሚጠቀመው ጃንጎ ይዞት የሚመጣውን «ስለግ» የሚባለውን ኮንቨርተር ነው፣ ኮንቨርተር ማለት የአድራሻውን አንድ ክፍል ፈትሾ ለኮዱ የሚያቀብል ነው። እሱ የሚቀበለው የላቲን ፊደል፣ ቁጥር፣ ሰረዝና የታች ሰረዝ ብቻ ነው። «የቡና-ዋጋ» ሲመጣ አልገጠመም ይልና 404። ከርዕስ አድራሻ የሚያወጣው «ስለጊፋይ» ደግሞ ይብሳል። ካልነካችሁት በስተቀር ከአስኪ፣ ማለትም ከላቲን ፊደልና ከተለመዱት ቁጥርና ምልክቶች ውጭ ያለውን ሁሉ ስለሚጥል የአማርኛ ርዕስ ስትሰጡት ባዶ ይመልስላችኋል። ዩኒኮድ (የዓለምን ፊደሎች የሚይዘው የኮምፒውተር መለያ) ይፈቀድ የሚል አማራጭ አለው፣ ከጃንጎ 1.9 ጀምሮ ማለትም ከ2015 ወዲህ በፈረንጆቹ። እሱን አብሩት። ግን ሲበራም የራሱ ነገር አለው፦ ነጥቦቻችንን ይሰርዛል። ሁለት ነጥብ ተጠቅሞ «አዲስ፡አበባ» ብሎ የጻፈ አዘጋጅ ካላችሁ «አዲስአበባ» ሆኖ ይጣበቃል፣ «ወ/ሮ» ደግሞ «ወሮ» ትሆናለች። ስለዚህ ርዕሱን ከመስጠታችሁ በፊት ሁለት ነጥቡንና (፡) እዝባሩን (/) በክፍት ቦታ ተኩት።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች ናቸው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል እዩት። መነሻው በሁለት ፊደል ይጻፋል፣ መሀሉን ደግሞ ሰው በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ ይጽፈዋል። 12 አጻጻፍ መጣ። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ቃል ናቸው፣ ለኮምፒውተር 12 የተለያዩ አድራሻዎች። ዩኒኮድ ራሱ ያለው ማስተካከያ እነዚህን አንድ አያደርጋቸውም። ተጠቃሚው አድራሻውን በቃሉ ከጻፈው 404 የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፣ እሱ ደግሞ ምንም አላጠፋም።

እኔ የምመርጠው አካሄድ ቁጥርና ርዕስን አብሮ ማስቀመጥ ነው፦ «ዜና/4512/የቡና-ዋጋ»። ዜናውን የሚያገኘው ቁጥሩ ነው፣ ርዕሱ ለሰው ዓይን ነው። ስታክ ኦቨርፍሎውም ጥያቄዎቹን የሚያስቀምጠው በዚህ መንገድ ነው። የርዕሱ አጻጻፍ ዳታቤዙ ላይ ካለው ከተለየ በ301፣ ማለትም በቋሚ ማዘዋወሪያ፣ ወደ ትክክለኛው ትልኩታላችሁ። አዘጋጁ ነገ ርዕሱን ቢያርመውም የድሮው ሊንክ አይሞትም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ስታወዳድሩ ርዕስን ከርዕስ ጋር አወዳድሩ እንጂ ሙሉውን አድራሻ አታወዳድሩ። ከብራውዘሩ የመጣው ሪኩዌስት (ጥያቄ) የሚሰጣችሁ አድራሻ በፊደል ነው፣ ጃንጎ ሠርቶ የሚሰጣችሁ ሊንክ ደግሞ በፐርሰንት ነው፣ ሁለቱ መቼም እኩል አይሆኑም፣ ስለዚህ ገጹ ወደ ራሱ እየላከ ብራውዘሩ እስኪሰለች ይሽከረከራል።

ቁጥር ለማይመቻቸው ገጾች፣ ለምሳሌ እንደ «ዓለም» ላሉ ዘርፎች፣ የራሳችሁን ኮንቨርተር ጻፉ። አጭር ክላስ ነው። ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚቀበል ትነግሩታላችሁ፣ ከዚያ ጽሑፉን ወደ ፓይተን የሚለውጠው ሜተድ ውስጥ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ ከነቤተሰባቸው ትቀይራላችሁ። ሃን ከሀ፣ ዓን ከአ ጋር ማዋሐድም እንዳትረሱ። ዳታቤዙ ላይ በዚሁ ሕግ የተስተካከለ መፈለጊያ ዓምድ ይኑራችሁ፣ ለሰው የሚታየው ስም ግን አዘጋጁ በጻፈው ፊደል ይቆይ። ሰዋስዉን የሚጠብቅ ሰው ፊደሉ ሲቀየርበት ቢናደድ እውነቱን ነው።

ይህን ሁሉ ከሠራችሁ በኋላ ኮዱን በራሱ የሚፈትሽ አንድ ትንሽ ቴስት ጨምሩ፦ «ዓለም»፣ «አለም» እና «ዐለም» ሦስቱም አንድ ቪው ጋ፣ አንድ ዘርፍ ይዘው መድረሳቸውን የሚያረጋግጥ። ከዓመት በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ ኮንቨርተሩን በተለመደው «ስለግ» ቢተካው ቴስቱ ወዲያው ይጮኻል።